መርካፕቶ

ባሌ ከሞተ ወዲህ ኢዳ ላይ ነኝ፤ ጊዜው እስኪያልቅ ቤት መቀመጥ አለብኝ። መቀመጡ ግን አልሆነልኝም። እነሳለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ ባጃጆቹን አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ነጭ ጋዋኑን አሸት ነበር። ኢዳ ላይ ሽቶ ክልክል ነው፤ ያንን ግን ማን ሽቶ ይለዋል?

ባሌ የላቦራቶሪ ሰው ነበር። በሕሙማን ደም ውስጥ መድኃኒቱ ምን ያህል እንደቀረ፣ ወደ ምን እንደተለወጠም ይለካል። ናሙናው ከፈሳሽ ጋር በቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ማሽኑ አንዱን ከአንዱ ይለየዋል። «አብረው ይገባሉ፣ አብረው ግን አይወጡም» ይለኝ ነበር። አንዳንዱ መድኃኒት ድኝ ስላለበት ሳይለካ ይለወጣል። እንዳይለወጥ የሚጨምሩበት ፈሳሽ ደግሞ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ይከረፋል።

በተጋባን ሰሞን ያን ጠረን ይዞ ከሥራ ገባ። «ምንድን ነው የሸተትከው?» ስለው፣ «መርካፕቶ ስነካ ዋልኩ» አለኝ። የፈሳሹ ስም ነው፤ እኔ ግን ከየቡ ገጠር የመጣሁ ሙሽራ፣ መርካቶ ያለኝ መሰለኝ።

«መርካቶ ውለህ ባዶ እጅህን? ሽንኩርቱስ?»

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያን ፈሳሽ በነካ ቁጥር ከበር ላይ «መርካቶ ውዬ መጣሁ!» ይላል፤ እኔም «ሽንኩርቱስ?» እላለሁ።

ለቅሶው ከበረደ በኋላ አብራኝ የከረመችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብሱን ሁሉ አጥባ ለሰደቃ ሰጠች። የቀረው ጋዋኑ ነበር።

«ማሎ፣ እባክሽ ይሄንንም ልጠበው። ለሰው የሚሰጥ ነገር እንዲህ ይሸታል?»

«አይሰጥማ። ተይው።»

«ወንድሜ ንጹሕ ሰው ነበር። ስሙን አታጥፊ!»

ምን ብዬ ላስረዳት? ጋዋኑን መልሼ ከበሩ ኋላ ሰቀልኩት።

ትናንት ዙህር ሰግጄ ስወጣ ጋዋኑ ግቢው ገመድ ላይ ውኃ ያንጠባጥባል። ሮጬ ፊቴን ቀበርኩበት። ሳሙና። እጅጌውን አሸተትኩ፣ ኪሱን ገልብጬ አሸተትኩ። ሳሙና ብቻ።

እህቱ አይታኝ ደነገጠች። «ያ አላህ! ምን አጠፋሁ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን አነሳች። «መርካቶ ልውረድ። ምን ላምጣልሽ?»

«ሽንኩርት» አልኳት።

አምጥታ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። «የበሰበሰ ቀላቅለውብኛል፣ እሱን ጣይው» አለች።

አልጣልኩትም። መስኮቱ ጋ ወስጄ አሸተትኩት። ወደ ጋዋኑ ጠረን ይቀርባል፤ እሱ ግን አይደለም። ደግሜ አሸተትኩት።