ክብሪት የጫረው ማነው?

ስለዚያ ጨዋታ እኔ ፊት ባታወሩ ይሻላችኋል። አዎ፣ መቶ አንድ ለመቶ ነው ያለቀው። አዎ፣ ጋምቤላ እንደዚያ ያለ ቅርጫት ኳስ አይታ አታውቅም። እኔም የሻይ ፔርሙዜን ታቅፌ ሜዳው ዳር ቆሜ አይቼዋለሁ። ግን ወንዶቹ ተሰብስበው «ታስታውሳለህ? ታስታውሳለህ?» መባባል ሲጀምሩ ደሜ ይፈላል። የሚያስታውሱት እኮ የሚጥማቸውን ብቻ ነው!

ከይሪያ እባላለሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ነኝ። ወላጆቼ ዛሬም አቦቦ አካባቢ ያርሳሉ። እኔ እርሻው አልሆነልኝም፤ ከተማ ገባሁና ኮሌጁ ወጥ ቤት ውስጥ ከእትዬ ቦጋለች ጋር ሥራ ጀመርኩ። የምነግራችሁም የሷን ነገር ነው።

እትዬ ቦጋለች የጎሬ ሰው ናት። ባሏ ነርስ ነበር፤ እዚህ ተመድቦ መጣ፣ ወባ ቀሰፈው፣ እሷ ቀረች። «ለምን አገርሽ አትገቢም?» ያላት ሰው ወየውለት። «ባሌን የቀበርኩበት አገሬ ካልሆነ የማን አገር ነው?» ብላ ታፈጥበታለች። ቁጣ ቁርሷ ነው። ጨው የበዛበት ወጥ ካየች የሠራችውን ልጅ ድስቱን አሸክማ ግቢውን ታዞራት ነበር። የኮሌጁ ዲን ራሱ ወጥ ቤት ሲገባ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። እንዲህ ሆና ግን ከሷ ደጅ ተርቦ የሄደ አንድ ሰው የለም። «ሰው ከደጄ ሆዱን ይዞ ከሄደ እኔ ልሙት!» ትላለች። በዚህ ነገር ወላሂ ቀልድ አታውቅም።

ቅርጫት ኳስ ደግሞ ነፍሷ ነው። ሕጉን አታውቀውም፣ ዳኛውን ግን ትሰድበዋለች። ጨዋታ በደረሰ ቁጥር ልጆቹን ወጥ ቤቱ በር ላይ አሰልፋ በእጇ ታጎርሳቸዋለች። ጉርሻዋ ጡጫ ያህላል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ትደግማለች። ያንን ሳይጎርስ ሜዳ የገባ ተጫዋች አልነበረም።

ከሁሉም የምትወደው ጋችን ነበር። ጋች የኢታንግ ልጅ ነው፣ ኑዌር፤ ቁመቱ የወጥ ቤቱን በር አላሳልፍ ብሎት ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። «ማዘር» ይላታል። ታዲያ እሱ ብቻ በር ላይ አይጎርስም፤ ጓዳ ገብቶ፣ እሷ እኛን ሴቶቹን ስታስወጣን፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው የሚጎርሰው። «ሙሽራው መጣ፣ ውጡ!» ትለናለች፤ እኛም እንስቃለን። ዓይነ አፋር ነው ብለን ነበር፣ ሌላ ምን እንበል?

ያኔ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ነው። ስብሰባው ብዛቱ! መፈክሩ ብዛቱ! ከደጋ የሚመጣ ኮሌጅ ሊገጥመን ነው ሲባል ዲኑ ተነሳና «ዛሬ ሁሉም ብሔረሰብ በአንድ ማዕድ ይበላል፤ የተጫዋቾቹም ቤተሰቦች ይጋበዙ» አለ። ጠረጴዛ ማንጎው ሥር ተደረደረ። ሴት ወንዱ፣ እንግዳ ባለቤቱ ተቀላቅሎ ተቀመጠ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ግን «እንዲህ ብናደርግ ይስማማችኋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ጋች ከእጮኛው ከኛቾል ጋር ኢታንግ ሄዶ እናቷን ይዞ መጣ። ኛቾል ኮሌጁ ውስጥ ከሱ በታች ያለው ክፍል ተማሪ ናት፤ ሊጋቡ የቀራቸው ለጥሎሽ የሚሰጠው ከብት ጉዳይ ብቻ ነበር። የተሳፈሩበት አይሱዙ መንገድ ላይ ተበላሽቶ እዚያው አድረው ኖሮ የደረሱት ምሳ ሲቀርብ ነው። ጋች ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ፤ የኛቾል እናት ፊት ለፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

እትዬ ቦጋለች ነጠላዋን አገልድማ ጉርሻዋን ጠቅልላ መጣች። ከተጫዋቾቹ ኦቻላ ጎረሰ፣ አኳይ ጎረሰ። ጋች ጋ ስትደርስ ፊቱን አዞረ።

«ምን ሆነሃል? አፍህን ክፈት!»

«ማዘር፣ አሁን አይሆንም።»

«በሞቴ!»

ተነሳና ሄደ። የተዘረጋው እጇ እንደተዘረጋ ቀረ፣ ወጡ በክርኗ ወረደ። ከደጋ የመጡት እንግዶች ሳቁ። በኛ ዘንድ «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቁታላችሁ። እትዬ ቦጋለች ፊቷ ሚጥሚጣ መስሎ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ውጭ ሳስተናግድ ስለነበር ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ የሆነውን አላየሁም።

ጨዋታው ተጀመረ። እነዚያ የደጋ ልጆች ከሩቅ ሲወረውሩ መረቡን አይስቱም፤ የኛዎቹ ደግሞ እየዘለሉ ከላይ ይከቱታል። እነሱ ሲያገቡ እኛ፣ እኛ ስናገባ እነሱ! ነጥብ የሚጽፈው ሰው ጠመኔው አልቆበት በከሰል ጻፈ። ጋች ያን ቀን ሰው አልነበረም፤ ከግማሹ በላይ እሱ ነው ያስቆጠረው። መጨረሻ ላይ መቶ ለዘጠና ዘጠኝ እየመሩን ኦቻላ ወረወረ፣ ኳሷ ብረቱን መትታ ተመለሰች፣ ጋች ካሉት ሁሉ በላይ ዘልሎ አየር ላይ ተቀበላትና መልሶ ከተታት። ፊሽካው ተነፋ። ሜዳው በእልልታ ሊፈነዳ!

ጋች ግን ከወረደበት አልተነሳም። ዓይኑ ዞረ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ቅርጫቱ ሥር ተዘረረ።

ይሄኔ ከተመልካቹ መሐል ዘርአብሩክ የሚባለው የክልል ቢሮ ጸሐፊ ዘልሎ ገባ። «ጣለው! ልቀቁት፣ ጣለው!» እያለ ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ጫረና ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እንደሚያሸትቱት ማለት ነው። ከዚያ ከክሊኒክ የመጣችው ልጅ ስኳር በውሃ በጥብጣ ስታጠጣው ልጁ ተነሳ። የስኳሩን ውሃ ማንም አላስታወሰው፤ «ክብሪቱ አስነሳው» ተባለ። አንድ ክብሪት ተጫረና የሰው ልጅ በሽተኛ ሆኖ ቀረ፣ አይገርማችሁም?

ሁለት ዓመት አለፈ። ጋች ተመርቆ ኢታንግ ያስተምራል። እትዬ ቦጋለች ከዲኑ ጋር ተጣልታ ወጣችና ባሮ ዳር ምግብ ቤት ከፈተች፤ እኔንም ይዛኝ ወጣች። እሁድ እሁድ እነዚያ የጨዋታው ደጋፊዎች እኛ ጋ ነው የሚሰበሰቡት። ወሬያቸው መቶ አንድ ለመቶ፣ ሁልጊዜ መቶ አንድ ለመቶ! ዘርአብሩክ ተነስቶ የጋችን አዘላለል ያሳያል፤ ከዚያ አወዳደቁን። በየእሁዱ አንድ ነገር ይጨምርበታል። መጀመሪያ እጁ ተንቀጠቀጠ ነበር፤ ቆይቶ ምላሱን ነከሰ፣ ቆይቶ ደግሞ አረፋ ደፈቀ። ሰዉም ይስቃል። እናንተን አሸንፎላችሁ በወደቀ ልጅ ይሳቃል እንዴ? እኔ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እያጋጨሁ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ማን ይገባዋል?

እትዬ ቦጋለችስ? ዝም። ሌላ ጊዜ ሰማይ የምትደፋው ሴትዮ ስለ ጋች ሲሆን ዝም። አንድ ቀን ብጠይቃት «የኔን ጉርሻ የናቀ እንኳን ወደቀ!» አለችኝ። ቂሟ አልበረደም ነበር።

አንድ እሁድ ዘርአብሩክ መሬት ላይ ተጋድሞ አረፋውን እያሳየ ሳለ ኛቾል በሩ ላይ ቆማ አየኋት። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ክብሪት የጫረው ማነው?» አለች።

ዘርአብሩክ ሱሪውን እያራገፈ ተነሳ። «እኔ ነኝ እህቴ! ሕይወቱን ያዳንኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ አይደለህም ያዳንከው። አንተ ገድለሃል።» ኛቾል አማርኛዋ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ ያን ቀን ግን አንድ ቃል አልጠፋባትም። «ወሬህ ኢታንግ ደረሰ። አጎቴ ሰማ። ለሚጥለው ሰው ልጅ አንሰጥም አለ። ማታር ከተማ ሌላ ሰው አለ፣ ብዙ ከብት ያለው። በሚመጣው እሁድ አጎቴ ለእሱ እሺ ይላል።»

እትዬ ቦጋለች ከጓዳ ወጣች። «ታዲያ ካልታመመ ለምን ወደቀ?»

«ተርቦ ነዋ!» ኛቾል ጮኸች። «እናቴ ነበረች። ኑዌር ወንድ ባዕድ ሴት ፊት አይበላም፤ የሚያገባት ልጅ እናት ፊትማ እንዴት ይበላል? ነውር ነው። መኪናው ላይ አልበላም። መንገድ አደርን፣ አልበላም። ጠረጴዛውም ላይ አልበላም። እኔና እናቴ በኋላ ወጥ ቤት ገብቶ በላ ብለን ነበር። አሁን ስጠይቀው ነገረኝ። አልበላም።»

«ለምን አይናገርም?»

«ለአጎቴ? ራበኝ ብሎ? ሞት ይሻለዋል።»

እትዬ ቦጋለች ምሰሶውን ያዘች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። «መጥቶ ነበር» አለች። «ከጨዋታው በፊት በጓሮ መስኮት መጣ። ‹ማዘር፣ እዚህ ስጪኝ› አለኝ። ‹ሂድ፣ ጉርሻዬን ሰው ፊት የናቀ ከኔ ቤት እህል አይቀምስም› ብዬ መስኮቱን ዘጋሁበት። እኔ፣ ቦጋለች! የሰው ልጅ ከደጄ አስርቤ ሰደድኩ።»

ከዚያ እንባ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የመጣው ቁጣ ነው። ዞራ ዘርአብሩክን ኮሌታውን ያዘችው።

«አረፋ አይተሃል?»

«እትዬ፣ እንግዲህ ያኔ…»

«አረፋ አይተሃል ወይ ነው የምልህ!»

«…አላየሁም።»

«ምላሱን ሲነክስስ?»

«አላየሁም። ጨዋታ ለማሳመር ነው።»

«ጨዋታ ለማሳመር! እሱ ሳይበላ መቶ አንድ ያገባላችሁ፣ አንተ ጠግበህ ስሙን ትበላለህ? በሚመጣው እሁድ እዚህ ትገኛለህ። የጫርከውን ራስህ ታጠፋዋለህ። ብትቀር ቢሮህ ድረስ መጥቼ አለቃህ ፊት ነው የማዋርድህ!»

እሁዱ ደረሰ። ኛቾል «እሺ ከማለትህ በፊት ስማ» ብላ አጎቷን ከእናቷ ጋር ይዛ መጣች። ጋችም ተጠርቶ መጥቶ ውጭ ዛፉ ሥር ከኦቻላ ጋር ተቀመጠ፤ እናትየው ውስጥ ናቸው፣ እሱ ወደ ውስጥ አያይም። ደጋፊዎቹ ሁሉ ተሰብስበዋል። ዘርአብሩክ ላብ በላብ ሆኖ «አረፋ አላየሁም፣ ከራሴ የጨመርኩት ነው» ብሎ ተናገረ። እትዬ ቦጋለችም መስኮቱን እንዴት እንደዘጋች ሳትደባብቅ ተናገረች። ወጥ ሠሪ ሆኖ «ሰው አስርቤያለሁ» ብሎ በአደባባይ መናገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ስለሷ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ኛቾል እየተረጎመች ነው።

አጎትየው ባለማመን ጭንቅላቱን ነቀነቀና አንድ ነገር ተናገረ። ኛቾል «ወጥ ሠሪዋ እንዲህ የምትለው ስለምትወደው ነው ይላል» አለችን።

«ከተመረቀ ጀምሮ ኢታንግ እናንተ መሐል ሲያስተምር አንድ ቀን ወድቆ አይታችኋል?» አለ ኦቻላ ከውጭ።

አጎትየውም ወድቆ አላየም። ግን እሺም አላለም።

እትዬ ቦጋለች ይሄኔ ትዕግሥቷ አለቀ። ወደ ጓዳ ገብታ ትልቅ ትሪ ሙሉ ይዛ ወጣች። ዶሮ ነው፣ ትኩስ፣ ሽታው ቤቱን አወደው። ሁሉ እያየ በሩን አልፋ ጋች ፊት አስቀመጠችው። ልጁ ጠዋት ከኢታንግ ሲመጣ እንደገና ከኛቾል እናት ጋር በአንድ መኪና ነው የመጣው፤ እህል አልቀመሰም ማለት ነው።

«ብላ!» አለችው።

ጋች ትሪውን አየ። ቀና ሲል እናትየው በሩ ላይ ቆመዋል። ምራቁን ሲውጥ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ትሪውን ትቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ትንሽ ተንገዳገደ፣ አጥሩን ያዘና አለፈ።

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዞረው አጎትየውን በኑዌርኛ ያወረዱበት ቁጣ፣ ቋንቋውን ባላውቅም፣ ወላሂ ገባኝ። ኛቾል እየሳቀች እያለቀሰች ተረጎመችልን። «‹ለኔ ብሎ ሁለት ጊዜ ተራበ። በሽታው እኔ ነኝ› አለች።» አጎትየው ጎንበስ ብሎ ዱላውን አነሳና ስለ ማታሩ ሰውዬ የሆነ ነገር ተናገረ። «‹ከብቱን ይዞ እዚያው ይቅር› አለ» አለች ኛቾል።

ደጋፊዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። «ዝም በሉ!» ብላ እትዬ ቦጋለች ጮኸችባቸው። ትሪውን አነሳች፣ እኔንም በዓይኗ ጠራችኝና ወደ ጓሮ ሄድን። ጋች የዚያን ቀን መስኮት በመሰለ ትንሽ መስኮት ሥር፣ እንጨቱ ክምር ላይ ተቀምጧል። ትሪውን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«ዙሪ» አለችኝ። ሁለታችንም ጀርባችንን ሰጥተነው ወደ ባሮ ዞረን ቆምን። «ይኸው፣ ማንም አያይህም። ብላ! አንተ የተረገምክ ልጅ፣ መስኮቱን ሰብረህ ብትወስድ ምን ነበረበት! ብላ!»

ከኋላችን ሲበላ ይሰማናል። እሷ እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም፤ አፏ ግን መራገሙን አልተወም። ዘርአብሩክን፣ ዲኑን፣ አይሱዙውን፣ ራሷን ሁሉ አንድ በአንድ ረገመቻቸው።

ቆየት ብሎ ትሪው እንጨቱ ላይ ሲቀመጥ ሰማን።

«ማዘር» አለ ጋች።

«ምንድን ነው?» አለች ሳትዞር፣ በቁጣ።

«ጨምሪልኝ።»