የአባያ ዳር የዱር ሩዝ

እናቴ ከእኔ ጋር ሶዶ፣ ኦቶና አካባቢ መኖር ከጀመረች ወዲህ ሐይቁን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያደግኩት አባያ ሐይቅ ዳር ነው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ውስጥ የሚበቅል የዱር ሩዝ ነበር። ለከብቶቻችን የምናጭደው እሱን ነው። በበጋ ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲሰነጣጠቅ የሞተ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከታች ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። ውሃው ቀስ እያለ ሲሞላ አገዳውም አብሮት ይረዝማል፤ ጫፉ ሁልጊዜ ከውሃው በላይ ነው። ፍሬው ሲደርስ ትንሽ ነፋስ ከነካው ይረግፋል። ስለዚህ እናቴ ማልዳ ትወርድና ዛላውን ወደ ቅርጫቷ ጎንበስ እያደረገች ታራግፈው ነበር። እኔ ዳር ቆሜ አዞ እንዳይመጣ አያለሁ።

አንድ ክረምት ሐይቁ በአንዴ ሞላ። ሩዙ ለመርዘም ጊዜ አላገኘም፤ ደፍራሹ ውሃ ዋጠውና በሰበሰ። በሚቀጥለው ዓመት ውሃው ቤታችን ገባ። ከብቶቹን ሸጠን ወጣን።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ "አንዴ ብቻ ልየው" አለችኝ። ባጃጅ ይዘን በሁምቦ በኩል ወረድን። ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ የደረቁ የግራር ጫፎች ብቻ ከውሃው ብቅ ብለዋል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች። ከዚያ በውሃው ዳር መሄድ ጀመረች፤ ተከተልኳት። ድሮ የጎረቤታችን የበቆሎ ማሳ የነበረው ቦታ ስትደርስ ጮክ ብላ ጠራችኝ።

"ነይ! ነይ እይ!"

የዱር ሩዝ ነው። ፍሬው በውሃው ተንሳፎ መጥቶ ይሁን ሥሩ ተነቅሎ አላውቅም፣ አዲሱ ዳርቻ ላይ ለምልሞ ቆሟል። እናቴ እስከ ጉልበቷ ገባች።

"እማዬ፣ ውጪ! አዞ አለ!"

አልሰማችኝም። አንዱን አገዳ ጎትታ አወጣችና አንጓው ላይ የበቀሉትን ነጫጭ ሥሮች በጣቷ ነካካች።

"ወስደን ሶዶ እንትከለው?" አልኳት።

"በየትኛው ውሃ፣ ልጄ?"

አገዳውን መልሳ ጭቃው ውስጥ ቸከለችው።

ባጃጁ ውስጥ ሐይቁ እስኪሰወር ድረስ ወደ ኋላ ዞራ ታይ ነበር። ቤት ስንደርስ እግሯን ላጥባት ውሃ አቀረብኩ።

"ትንሽ ይቆይ" አለችኝ።

ጭቃው እግሯ ላይ ደርቆ እስኪነጣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።