ከቆርቆሮው ጀርባ የሚመልስልኝ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ፣ ጋምቤላ ከተማ መሃል ባለችው የጥገና ሱቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቼ ብዙውን ረስቻለሁ። ይህኛው ግን ሱቄን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ነገሩ የጀመረው ከሱቄ ግድግዳ ነውና።

ሥራዬ ፍሪጅና ቬንትሌተር መጠገን ነው። የጅማ ልጅ ነኝ። ጋምቤላ የመጣሁት በዚህ ሙቀት የፍሪጅ ጠጋኝ ሥራ አያጣም ብዬ ነው፤ አልተሳሳትኩም። በእኛ ሥራ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይጠቅማል። ሞተሩ ሲያጉረመርም ወይም ሲያፏጭ ሰምቼ ነው ሕመሙን የማውቀው። ይህ ልማድ ከሱቅ ውጪም አልለቀቀኝም። ባለቤቴ "የማይመለከትህን ድምፅ ሁሉ ታዳምጣለህ" እያለች ትቀልድብኛለች።

የሱቄ የኋላ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። አንድ ቀን የተጣመመ የቬንትሌተር ክንፍ በመዶሻ ሳቃና ከግድግዳው ጀርባ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መምታቴን አቆምኩ፤ እሱም አቆመ። ሁለቴ መታሁ፤ ሁለቴ መለሰልኝ። ቆርቆሮ ሲሞቅ እንደሚንቋቋ አውቃለሁ። ሲቆጥር ግን ሰምቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የራሴ ድምፅ እየተመለሰ ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን ገና መዶሻዬን ሳላነሳ እሱ ቀድሞ ጀመረ። ያኔ ከጀርባ ባለ ግቢ የሚጫወት ልጅ ነው ብዬ ደመደምኩና ጨዋታውን ገባሁበት። ቶሎ ቶሎ ስመታ ቶሎ ቶሎ ይመልሳል፤ ሳሳስት እንደሚስቅ ሰው ያንኳኳል። እውነቱን ለመናገር ጠዋት ጠዋት ሥራዬን ናፍቄ መምጣት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። መብራት ጠፍቶ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። አሪየት የምትባል ደንበኛዬ የተጠገነ ቬንትሌተሯን ልትወስድ መጣች። አሪየት አኙዋ ናት፤ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ከሕፃናት ጋር ትሠራለች። እኔም "ቆይ፣ አንድ ጉድ ላሳይሽ" ብዬ ቆርቆሮውን መታሁ።

መልስ የለም። ደግሜ መታሁ። ከቆይታ በኋላ አንዲት ደካማ ጭረት ተሰማች፤ ከዚያ ዝም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች አሪየት።

"ልጅ ነው። ውጪ ይጫወታል።"

"ከማል፣ አሁን ቀትር ነው። በቀትር ቆርቆሮ ከውጪ ይነካል? እጅ ይጠብሳል።"

እውነቷን ነው። በመጋቢት ቀትር ጋምቤላ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት የሚቀመጥም፣ ቆርቆሮ የሚደገፍም የለም። ሰዉ ሁሉ ማንጎና ኒም ጥላ ሥር ነው። ይህን እያወቅሁ እንዴት እንዳላሰብኩት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ተያይዘን በጀርባ ዞርን። እኔ ግቢ ያልኩት ግቢ አልነበረም። ከሱቄ ጋር የተጣበቀ የኪራይ ክፍል ነው፤ በሩ ከውጪ ተቆልፏል። በስንጥቁ ሳይ አንዲት ትንሽ ልጅ ግድግዳው ሥር ተጋድማለች። እጇ ላይ ማንኪያ አለ።

ድንጋይ አነሳሁ። አሪየት ክንዴን ያዘች። "ሰው አትሰብስብ። መፍቻ የለህም? ቀስ ብለህ ፍታው።" ካቻቢቴዬን አምጥቼ የበሩን ማጠፊያ ፈታሁ። በሩ ሲለቅ የመጣብን ሙቀት የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተ ያህል ነበር።

ልጅቷ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከንፈሯ ደርቋል፣ አጠገቧ ያለው የሃይላንድ ፕላስቲክ ባዶ ነው። የከነከነኝ ሌላው ነገር ግን ክፍሉ ነበር። ወለሉ ተጠርጓል፤ የልጅቷ ፀጉር ተሠርቷል፣ ቀሚሷም ታጥቧል። ምሳዋ በሳህን ተከድኖ ተቀምጦላታል። ልጁን የጠላ ሰው እንዲህ አያደርግም አልኩ በልቤ። የወደደስ በዚህ ሙቀት ይቆልፋል?

በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አሪየት በመንገድ ላይ በነጠላዋ እርጥብ ጫፍ ፊቷን ታብሳት ነበር። ነርሷ በጥብጣ ያጠጣቻት ነገር ቀስ በቀስ ዓይኗን ከፈተላት። ስሟ ሊዲያ ነው። እናቷ የት እንዳለች ስትጠየቅ "አንሶላ ታጥባለች" አለችና የሆቴሉን ስም ጠራች። ፍሪጃቸውን የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ወዲያው ደወልኩ።

እናትየው ትዕግሥት እጇ ላይ የሳሙና አረፋው ሳይደርቅ ሮጣ መጣች። እስክትመጣ ድረስ የምናገረውን አሰናድቼ ነበር፤ ምን ዓይነት እናት ነሽ ልላት። ዕድል አልሰጠችኝም። ገና ከበሩ "አትውሰዱብኝ" ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አሪየት አጠገቧ ተቀመጠች። "ለምን ቆለፍሽባት?" አለቻት፤ ቁጣ የለባትም፣ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

ትዕግሥት የልጇን ቀሚስ ከጀርባዋ ገለጥ አደረገች። የቆዩ ሰንበሮች ነበሩ። "በፊት ለአንዲት ሴት እየከፈልኩ አስቀምጣት ነበር። ስታለቅስባት በኤሌክትሪክ ገመድ ትገርፋት ኖሯል። ሳጥባት አየሁት። ከዚያ ወዲያ ለሰው አልሰጥም አልኩ። ቁልፍ አይገርፋትም ብዬ ነው።"

ሱቄ ከክፍላቸው ጋር የተጣበቀ መሆኑን፣ ልጅቷም መዶሻዬን በማንኪያ ስትመልስልኝ እንደነበር ነገርኳት። ትዕግሥት ደግሞ ወደ እኔ ዞራ "ጋሼ፣ መዶሻው አጎት የምትለው እርስዎን ነው እንዴ? ማታ ማታ ስለሱ ስታወራ ከብቸኝነት የፈጠረችው መስሎኝ ነበር" አለችኝ። ለእኔ ጨዋታ የነበረው ለእሷ ሙሉ ቀን አብሯት የሚውል ሰው ነበር።

አሪየት ነገሩን ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አመለከተች። ለትዕግሥት አዝና የበሩን ነገር ትተወዋለች ብዬ ነበር፤ አልተወችውም። የገራፊዋንም የቁልፉንም ነገር አንድም ሳታስቀር ተናገረች። የገራፊዋ ጉዳይ በሕግ ተያዘ። ትዕግሥት ዳግም እንዳትቆልፍ ተነገራት፣ እሷም እሺ አለች። ግን ነገ ሥራ ስትሄድ ልጅቷን የት ታስቀምጥ?

"እንግዲህ አሠሪዋን እንጠይቃለን" አለች አሪየት። እኔን፣ ትዕግሥትንና ሊዲያን አስከትላ ሆቴሉ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን "እኛ ሆቴል ነን፣ ልጅ ማሳደጊያ አይደለንም" አለን። አዘነልን እንጂ አልተቀበለንም። ትዕግሥትንም ከእንግዲህ ልጇን ይዛ እንዳትመጣ አስጠነቀቃት። ልንወጣ ስንል አሪየት "ሌሎቹን ሴቶች ላነጋግር ይፈቀዳል?" አለች። ምን እንዳሰበች አልገባኝም። ከልብስ ማጠቢያውና ከወጥ ቤቱ የተወሰኑ ሴቶች ተጠርተው ቢሮው ውስጥ ቆሙ።

"ልጆቻችሁ አሁን የት ናቸው?" አለቻቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ "ጎረቤት ጋ" አለች። ሌላዋ "ከስምንት ዓመት እህቱ ጋ" አለች። ከወጥ ቤት የመጣችው መሬት መሬት እያየች በቀስታ ተናገረች። "የኔ ተቆልፎበታል። አሁንም ተቆልፎበት ነው ያለው።"

ሥራ አስኪያጁ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከዚያ በመስኮት ፀሐዩን አየ። ማንንም ሳያነጋግር ወጥቶ ባጃጅ አስቆመና ሴትዮዋን "ሂጂ፣ ይዘሽው ነይ" አላት። እስክትመለስ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ጊዜም አልተቀመጠም።

ከሆቴሉ ጀርባ ማንጎ ሥር የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነበር። በሳምንቱ ተጠርጎ ለልጆቹ ተሰጠ። ሴቶቹ በየተራ ይጠብቋቸዋል፤ ተራዋ የደረሰች ሴት የዚያ ቀን ደሞዟ አይቆረጥም። ይህቺን የመጨረሻዋን ለማስፈቀድ አሪየት ብዙ ተመላልሳለች፤ ልመናዋ ቢሰለችም እሷ አትሰለችም። እኔ ቬንትሌተር ሰቀልኩላቸው። በቅርቡ የሆቴሉን ፍሪጅ ልጠግን ሄጄ መዶሻ ሳሳርፍ ከማንጎው ሥር ማንኪያ መለሰልኝ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሊዲያ አስተምራቸዋለች ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ሁካታ ራሱን ይዞ ሲያልፍ ሳቄ መጣ።

የኋላውን ክፍል ትዕግሥት ለቅቃዋለች፤ አሁን ሌላ ተከራይ አለበት። ማንነቱን አላውቀውም፤ ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ይመስለኛል። እኔ ግን በየቀኑ ቀትር ላይ ሥራዬን አቁሜ ቆርቆሮውን አንዴ አንኳኳለሁ። ጆሮዬን ለጥፌ እቆያለሁ። ያን ቀን የመልሱ መጥፋት ክፉ ምልክት ነበር። አሁን መልስ ሳይኖር ሲቀር አልሐምዱሊላህ ብዬ መዶሻዬን አነሳለሁ።