ሃያ ለቆርኬዎች

«አንቺ ልጅ፣ ከቆርኬዎቹ በፊት የምሸሽሽ እኔ ነኝ» አሉኝ ከአዲስ አበባ የመጡት የዱር አራዊት ሹም፣ ገና ከላንድሮቨሩ ሳልወርድ። መንገዱን ሙሉ በጥያቄ አድርቄያቸው ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ሳቀች። እሷ ከነቀምት እስከ አንገር ሜዳ ትንፍሽ አላለችም። ጨዋ የሚያሰኛትም ይኸው ነው።

ሁለታችንም ትምህርታችንን ያን ዓመት ነው የጨረስነው። ሥራው ግን ለአንዲት ብቻ ነበር። በበጋ የሜዳው ሣር ሲቃጠል ቆርኬዎቹ ሽቅብ ወጥተው የገበሬውን ክምር ይበላሉ፤ ገበሬው ደግሞ ጦሩን ይዞ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ድርቆሽ እየበተኑ፣ በየቀኑ ትንሽ ወደ ታች እያራቁ፣ መንጋውን ወደ ወንዙ መመለስ ነው። ይህን የምታሠራና ከገበሬው ጋር የምታስተረጉም ሴት ፈልገዋል። ካላገኘሁት የወንድሜን ልጆች ሳጥብ ልከርም ነው። እሷ አባቷ ገበያው መሃል ሱቅ አለው፤ ምን ጎድሏት መጣች?

ለሙከራ ተራ በተራ በተንን። እኔ ስበትን መንጋው ግር ብሎ ሸሸ። እሷ ስትበትን ቆመው አዩዋት። አውሬ እንኳ!

ያገሬው ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ «ድርቆሽ ብቻውን አያቆማቸውም፤ ሃያ ያስፈልጋል» አሉ። ሹሙ ወደ እሷ ዞሩ። ወላጆቿ የሸዋ ሰዎች ናቸው፤ ኦሮምኛዋ ከገበያ አያልፍም።

«ሃያ እስር ድርቆሽ ያስፈልጋል ነው የሚሉት፣ ጋሼ» አለች በዚያ ለስላሳ ድምጿ።

«የምን ሃያ እስር!» አልኩ። «በኦሮምኛ ሃያ ቁጥር አይደለም፣ ከብት የሚልሰው ጨው ጨው የሚል አፈር ነው! ቁጥሩማ ዲግደማ ነው የሚባለው።»

ነገሩን ለሽማግሌው ብነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሃያ እስሩንም ያምጡት፤ ለላሞቼ ይሆናል!»

ሹሙም ሳቁ። «ጎሽ! ደህና አዳንሽን» አሉኝ። ልቤ ዘለለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «በይ፣ ነገ አፈሩን በአህያ አስጭነሽ አስመጪ። ሥራሽን በዚሁ ጀምሪ» አሏት።

«እሷስ፣ ጋሼ?» አለች ወደ እኔ እያየች።

«እሷማ ለጥብቅና ነው የምትሆነው!»

መጥታ እጄን ያዘች። «ሲቸግረኝ ትነግሪኛለሽ አይደል፣ እህቴ?» ያን ሁሉ ድርቆሽ በትና ቀሚሷ ላይ አንዲት ሰበዝ የለችም።

«ሽማግሌውን ጠይቂ» ብዬ እጄን መነጨቅኩ። ላንድሮቨሩን አልጠበቅኩም። ዋናው መንገድ ላይ ወጥቼ ወደ ነቀምት የሚሄድ የጭነት መኪና አስቆምኩና ተሳፈርኩ።