የተከራየሁት አባት

ትናንት ልጄ ከሥራ ቦታዋ ደውላ፣ የልጇ ትምህርት ቤት «ወላጅ ይቅረብ» ብሎ በቴሌግራም እንደጻፈላት ነገረችኝ። ልጁ ሦስት ቀን አርፍዷል። እሷ ፈቃድ ስለማታገኝ እኔ እንድሄድላት ለመነችኝ፤ እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምሳዬ ከፊቴ ቀዘቀዘ። «ወላጅ ይቅረብ» ሲሉ መስማት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላም ያስፈራኛል።

ያኔ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነበር የምንኖረው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ለሸማኔዎች ክር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሳሙኤል ደግሞ ሸማኔው አጎቱ ከጨንቻ አምጥተው የሚያሳድጉት ልጅ ነበር። ጥምቀት ሲቃረብ ከተማው ሁሉ አዲስ ልብስ ይፈልጋል፤ ሳሙኤልም ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ለአጎቱ ክር ሲያጠነጥን ይቆይና እየሮጠ ይመጣል። የትምህርት ቤቱ በር ግን ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

እኔ የማረፍደው በሆዴ ምክንያት ነበር። በዚያ ሰሞን ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ መንገድ ዳር ደግሞ ትኩስ ፓስቲ ይጠበሳል። ዘይቱ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሲያርሰው እያየሁ ሳልበላ ማለፍ አልችልም ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም አልችልም።

ሁለታችንም ለሦስተኛ ጊዜ ባረፈድንበት ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ከመኪና ጎማ የተቆረጠች መግረፊያውን እየወዘወዘ ነገ ወላጅ ይዘን እንድንመጣ አዘዘን። አባቴ ከሰማ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ሱቅ እንደሚያስቀምጠኝ አውቅ ነበር፤ በታላቅ እህቴ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የጨነቀው ተማሪ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወላጅ ተከራየሁ። ታክሲ መጠበቂያው አጠገብ የማይጠፋውን የቤት ደላላ ጋሽ ታደሰን፣ በሁለት ፓስቲና በአንድ ብርጭቆ ሻይ አባቴ እንዲሆን አስማማሁት። ሳሙኤል ስንስማማ አይቶ በሳቅ ሞተ። አንተስ ማንን ልታመጣ ነው አልኩት።

«እኔማ አጎቴ አለልኝ» አለ፣ ኮራ ብሎ።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ፂሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ መጣ። አንድ ነገር ግን ረስቷል፤ የአንገቱ ጥቁር ማተብ ከሸሚዙ ወጥታ ትታያለች። ዩኒት ሊደሩ ግን ኮቱን እንጂ አንገቱን አላየም። «አቶ አህመድ፣ ይቀመጡ» ብሎ በአባቴ ስም ጠርቶ ወንበር ሳበለት። ባለማተቡ አቶ አህመድም ልጅ እንደሆንኩና በምክር እንደምመለስ እየተናገረ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

ቀጥለው የሳሙኤል አጎት አቶ አንጁሎ ገቡ። የጥምቀት ሥራቸውን አቋርጠው ነው የመጡት፤ ጋቢያቸው ላይ የክር ብናኝ ነበር። ወንበር የሳበላቸው የለም።

«አባቱ ነህ?»

«የወንድሜ ልጅ ነው። የማሳድገው እኔ ነኝ።»

«አባቱን ነው ያልነው። ደግሞ ብሎ ብሎ ቁጢት በጣሽም ወላጅ ነኝ እያለ መከራየት ጀመረ?»

ልብ በሉልኝ። የተከራየው ሰውዬ ወንበር ላይ ተንደላቅቋል፤ እውነቱን የተናገሩት ሰው ቆመው፣ በሙያቸው ተሰድበው፣ የተከራዩ ይባላሉ። ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። ሳሙኤል ዞር ብሎ አየኝ። የተከራየው ያ ነው ብሎ ቢጠቁም ይበቃው ነበር፤ አልጠቆመም። እኔም የውሸቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ሱቁ ታየኝ፣ እህቴ ታየችኝ፣ አፌን ዘጋሁ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ያን ቀን እዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበሩም።

ዩኒት ሊደሩ ሳሙኤልን አንበርክኮ በአጎቱ ፊት ይገርፈው ጀመር። አቶ አንጁሎ ሊገላግሉ ሲጠጉ ደረታቸውን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አጋጫቸው። ሳሙኤል ተነስቶ ጎማውን ያዘ። አልተማታም፣ ያዘ ብቻ። አጠገቡ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ለፖሊስ የተነገረው ግን መምህር ላይ እጁን አነሳ ተብሎ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ በሁለት ፖሊሶች መሀል ከግቢው ወጣ። እኔ በዚያው ጥፋት፣ በዚያው ቀን ተመክሬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ጣቢያ ሦስት ቀን አድሮ ተፈታ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ስሙን ሰርዞ ጠበቀው። ከዚያ ወዲያ ሰፈር ውስጥ ቁልፍ ሲሰበር፣ ልብስ ከገመድ ላይ ሲጠፋ፣ ፖሊስ ቀድሞ የሚያንኳኳው የአቶ አንጁሎን በር ሆነ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ደጋግመው ሲያስሩትም ከእውነተኞቹ ሌቦች ጋር ያዋወቁት እነሱው ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ሱቅ ሰብሯል ተብሎ ተፈረደበት። ሰብሮ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰብሮም ከሆነ መንገዱን ማን እንዳሳየው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አቶ አንጁሎ ከአባቴ ሱቅ ክር መግዛታቸውን አላቆሙም። ባዩኝ ቁጥር «ደህና ነሽ ልጄ?» ይሉኛል። ምነው በሰደቡኝ እል ነበር።

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የተቀበለችኝ ወጣት መምህርት ትሑት ናት፤ «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳን አልጠየቀችኝም፤ ጥሩ ሻሽና ጥሩ ጫማ አድርጌ ነበር። በመስኮቱ ግን ጠጠር ላይ የተንበረከከ ልጅ ታየኝ። ምን አድርጎ ነው አልኳት። አርፍዶ ነው አለችኝ፤ ወላጅ አምጣ ቢባል ዘመድ ይዞ መጣ፣ ዘመድ ደግሞ አንቀበልም።

ወንበሩን መልሼ ገፋሁት።

«እኔም እኮ አያት ነኝ» አልኳት። «ወይ እኔንም መልሺኝ፣ ወይ ልጁን አስነሺና ዘመዱን ጥሪያቸው።»

ጉልበቴ ያመኛል፤ ቢሆንም ቆሜ ጠበቅኩ። ልጁ ተነሳ። በር ላይ የቀሩት ሰውዬም ተጠርተው ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ደስ አላለኝም። ልጆቹ አሥር ደቂቃ አርፍደው ይንበረከካሉ። እኔ ለሳሙኤል ዕድሜዬን ሙሉ አረፈድኩ፤ ወላጅ አምጪ ያለኝ ግን የለም።