ሦስት ጊዜ የሚለመንበት ጨዋታ

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲርበው «ራበኝ» ይላል። ጎረቤት ድስት ከፍቶ ያያል፤ ካልጣመው «አቦ፣ የዛሬውስ አልሆነልሽም» እያለ ቁጭ ብሎ ይበላል። የሚቀየም የለም። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥራ አግኝቼ ወደ ደብረ ብርሃን ስመጣ ስለ ብርዱ ያላስጠነቀቀኝ አልነበረም፤ ጋቢውም ሹራቡም ተቆለለልኝ። ስለ ይሉኝታ ግን አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ገና በመጣሁ ሰሞን፣ ከቅዳሴ ስንወጣ የተዋወቅኳቸው አንዲት የአንኮበር እናት ሊጠይቁኝ ብቅ አሉ። ሽሮዬ ከእሳት መውረዱ ነበርና አቀረብኩ።

«ይብሉ እማማ።»

«ተባረኪ ልጄ፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው።»

እኔም «እሺ» ብዬ አነሣሁት። ዓይናቸው ሰሃኑን እስከ ጓዳ ድረስ ሸኘው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጎረቤቴ እየሳቀች እንደነገረችኝ፣ እማማ ስለ እኔ ሲጠየቁ «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ጸሎተኛም ናት፤ መሶቧ ግን እግር አለው፣ ሳይሸኙት ይሄዳል» ብለዋል።

ደግነቱ አልራቁኝም። እጄን ይዘው እሳቸው ሙሴ ከሆኑበት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አስገቡኝ፤ ተራ የሚያስይዙትም፣ የሚያስታርቁትም፣ የሚቀጡትም እሳቸው ናቸው። ያን ዕለትም መከሩኝ። «መጀመሪያ እምቢ የሚለው አፍ ነው። ሁለተኛው ወግ ነው። ሦስተኛው ላይ ሆድ ይናገራል። አንቺ ሆድ እስኪናገር ጠብቂ።»

ዘመዱ ሩቅ ለሆነ ሰው ማኅበር ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ስታመም አጥሚት ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ብቀር «ምነው፣ ደህና አይደለችም እንዴ?» የሚሉት እነሱ ናቸው። በዚህ ብርድ አገር ሌላ ሰው የለኝም።

የመሶቤን ታሪክ ለአንድ ወዳጄ አጫወትኩት። ከአንኮበር ሥር ያለችው የጎረቤላ ልጅ ነው፤ መሀል ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሱቅ ማስታወቂያ እየሣለ ይኖራል። እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ድሬ፣ ይኼ እኮ ጨዋታ ነው» አለኝ። ስሜን ትቶ በአገሬ ነው የሚጠራኝ።

«ለአንተማ ጨዋታ ነው። የተዋረድኩት እኔ ነኝ።»

«የምሬን ነው። እንደ ዳማ፣ እንደ ሉዶ፣ በሰሌዳ የሚጫወቱት። ሠርተን እንሸጠዋለን።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ንግድ ፈቃድ አውጥተን ድርጅት ሆንን። እሱ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ ምክትል፤ ሌላ ሠራተኛ የለንም። ስብሰባ ስንጠራ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጠን እንቀመጣለን።

ጨዋታው «ይሉኝታ» ይባላል። ሰሌዳው ላይ ከጫጫ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል አንኮበር የሚወጣ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ ቤት ነው። ዳይስ ጥለህ የደረስክበት ቤት ትገባለህ፤ ከጎንህ ያለው ተጫዋች ባለቤት ሆኖ «ብላ» ይልሃል። ወዲያው እሺ ካልክ ባቄላ ታገኛለህ፤ ባቄላ የሆድ ነው። እምቢ ካልክ ሽምብራ ታገኛለህ፤ ሽምብራ የስም ነው። ሦስት ጊዜ ተለምኖ የበላ ሁለቱንም ያፍሳል። ባለቤቱ ከሁለተኛው በኋላ ዝም ካለ ግን ስምህን ይዘህ በባዶ ሆድህ ትወጣለህ። አንኮበር ሲደረስ ብዙ ሽምብራ የያዘው «ጨዋ» ተብሎ ይጨበጨብለታል፤ የሚያሸንፈው ግን ብዙ ባቄላ ያለው ነው።

የሚወጡ ካርዶችም አሉ። አንዱ «ሦስተኛውን ‹በሞቴ› ልትል ስትል ስልኳ ጮኸ፤ ተራህ አለፈ» ይላል። ሌላው «ስብሰባ ላይ ለመቃወም እጅህን አነሣህ፤ አለቃህ ሲያይህ ራስህን አከክህ። ሁለት ሽምብራ ውሰድ» ይላል። ይህን የጻፈው ሸሪኬ ነው፤ እኔ ፈርቼ ነበር።

እኔ ሳልጠይቅ አልራመድምና ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«ቁማር አለበት?» አሉኝ።

«የለበትም አባቴ። ገንዘብ የሚባል አይነካውም።»

«ታዲያ የተሸነፈው ምን ይከፍላል?»

«ይስቁበታል።»

«እሱስ ከገንዘብ ይከብዳል» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን፣ ጾምና ጽዋ እንዳይገቡበት። የቀረው የራሳችን ጉድ ነው፤ ጻፉት።»

ሸሪኬ የጽዋ ማኅበር ቤት ሥሎ ነበር፤ አስፋቅኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በምትኩ የሣጥኑን ክዳን እንዳሻው እንዲሥል ተውኩለት። አንዲት እናት ሣለ፤ አንድ እጃቸው መሶብ ላይ፣ ሌላው ወደ ሰማይ፣ አፋቸው «በሞቴ!» ሲል። ሳየው በጣም ሳቅኩ። ማንን እንደሚመስሉ ማሰብ አልመጣልኝም።

ምረቃውን ያደረግነው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። መምህራን፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ጡረተኞች፣ እናቶች መጡ፤ በየጠረጴዛው ሰሌዳ ዘረጋን። «በዕድሜ የሚበልጠው ይጀምራል» ብለን ደንቡ ላይ ጽፈን ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው አገሩን አያውቅም።

«እርስዎ ይጀምሩ» አሉ አንዱ ጡረተኛ መምህር ሌላውን።

«ኧረ በሕግ! እርስዎ ተቀምጠው?»

«እኔማ ትናንት የተወለድኩ ልጅ ነኝ።»

«ትናንት ከሆነ እኔ ነገ ነው የምወለደው።»

የሴቶቹ ጠረጴዛ የባሰ ነበር። «አንቺ ትበልጫለሽ» ስትባል አንዷ ተነሥታ ቆመች። «ማን? እኔ? አንቺ ስትዳሪ እኔ እኮ ከሠርጉ ቤት የተባረርኩ ሕፃን ነበርኩ!»

ሻይ ተጠጥቶ አለቀ፤ አንድም ዳይስ አልተወረወረም። ሸሪኬ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «አየሽ፣ ሳይጀምሩ እየተጫወቱት ነው» አለኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣ። «ደንቡ ተሻሽሏል! ከቆላ የመጣ ሰው ይጀምራል!» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔና ከአዋሽ የመጣ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በየጠረጴዛው እየዞርን የሁሉንም የመጀመሪያ ዳይስ ጣልንላቸው።

ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ሽማግሌ ማሸነፍ ነውር ሆነ። አንድ ወጣት መምህር በጠረጴዛ ሥር ባቄላውን ወደ አዛውንቱ ሲገፋ በዓይኔ አየሁት። አዛውንቱም አይተውት ኖሮ በዚያው በጠረጴዛ ሥር መለሱለት።

ደስ ብሎኝ ገባሁ። በማግስቱ ግን የሣጥኑ ፎቶ በከተማው የቴሌግራም ገጽ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። «የእናቶቻችንን ደግነት መሳለቂያ አደረጉት» ይላል። ከሥሩ ገሚሱ ይሳደባል፣ ገሚሱ «እውነት አይደለም እንዴ?» ይላል፣ ገሚሱ የት እንደሚገዛ ይጠይቃል። አንዱ «ከቆላ መጥታ ደጋን ትሰድባለች» ብሎ ጽፏል። ሸሪኬ ይህችን አንብቦ «ድሬ፣ ታዋቂ ሆንሽ» አለኝ። ጨዋታውን ሊሸጥልን የተስማማው ባለሱቅም ሣጥኖቹን ከመደርደሪያ አውርዶ ከባንኮው ሥር አደረጋቸው።

«መልሳችሁ ውሰዱልኝ ማለትህ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ምን በወጣሽ! በደንብ እየተሸጠ ነው። ሰዉ ግን ሲገዛ መታየት አይፈልግም፤ በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነው የምሰጠው።»

ይህ ሁሉ ያስቀኝ ነበር። ሳቄን የቆረጠው ጎረቤቴ ይዛው የመጣችው ወሬ ነው። «ሣጥኑ ላይ ያሉት ሴትዮ የማኅበራችሁ ሙሴ ናቸው አሉ።»

ሣጥኑን አንሥቼ እንደ አዲስ አየሁት። ነጠላው በአንድ ትከሻ። አገጫቸው ቀና ያለ። ጌታዬ ሆይ፣ ቁርጥ እሳቸውን!

ነገሩን የከፋ ያደረገው ተራው የእኔ መሆኑ ነው። ጽዋው ባለፈው ወር ወደ ቤቴ መጥቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ጽዋ ካለበት ቤት ማኅበርተኛ አይቀርም። የሚያስቀር ነገር ቢመጣ፣ አንድ ሰው ተልኮ ጽዋውን ይወስዳል። ማንም «ውጪ» አይለኝም፤ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ አይወጣም። ጽዋው ብቻ ይሄዳል፤ እኔም ይገባኛል። እማማ ጋ ስልክ ደወልኩ፤ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝም። ጌሾ ወቀጥኩ፣ ብቅል አስፈጨሁ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ዓይኔ ወደ ጥጉ ይሄድ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ናቸው፤ ብቻቸውን። ሰላም አሉኝና ገቡ፤ ገና ሳይቀመጡ ጽዋው ወዳለበት ጥግ አዩ።

ጽዋውን ሊወስዱ የመጡ መሰለኝ። እጄ ግን ልማዱን ያውቃልና፣ ለቁርሴ ያፈላሁትን ቀድቼ ከዳቦ ጋር አቀረብኩ።

«ይውሰዱ እማማ።»

«ይቅርብኝ ልጄ።»

«እንዴት ይቅርብኝ ይላሉ? ትንሽ እንኳ።»

«አልፈልግም።»

«በሞቴ!»

«አልኩሽ እኮ።»

ሦስት ሞላ፤ በራሳችን ደንብ አሁን መቀበል ነበረባቸው። እንደገና ለመንኩ፤ እንደገና እምቢ አሉ። ሦስተኛ እምቢታ እንኳ በጨዋታችን ውስጥ የለም፤ ይኼ አራተኛው ነው። ተቀይመውኛል ማለት ነው፤ ከልባቸው ተቀይመውኛል።

«እስቲ ያንን ሣጥን አምጪው» አሉ።

አመጣሁት። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ዞር አሉ።

«እኔ ነኝ ይቺ?»

«አይደሉም እማማ! ሠዓሊው እርስዎን አያውቅም። የጎረቤላ ልጅ ነው፤ ምናልባት እናቱን አስቦ ይሆናል።»

«እናቱን?» መነጽሩን አወለቁ። «እናቱንማ አውቃታለሁ። እሷ ናት በሞቴ የምትል? እሷ እቴ! ደጇን የረገጠ ሰው ውኃ እንኳ ቀምሶ አይወጣም።»

«እንግዲህ... እርስዎን ይመስላሉ የሚሉም አሉ» አልኩ በቀስታ።

«እኔ ከሆንኩማ መሶቡ ምነው ጎደለ?» ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ ተከሉት። «ይኸው፣ ግማሽ ነው! አገሩ ሁሉ ይኼን እያየ ምን ይላል? ‹አፏ በሞቴ፣ መሶቧ ጎዶሎ› አይለኝም? ስትሥሉኝ ሙሉ አድርጋችሁ ሣሉኝ።»

ለካስ የቆረቆራቸው ይህ ነው። ሁለተኛው ሕትመት ላይ መሶቡ እስከ አፉ እንደሚሞላ ቃል ገባሁ። ስልክስ ለምን አያነሡም ብል፣ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዛባቸው ጎረቤላ ወርዳለች።

«እና ካልተቀየሙኝ ለምን ምግቤን እምቢ አሉኝ?»

«አንቺ ልጅ!» አሉ። «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ወተት ቀድተሽ በሞቴ ትይኛለሽ!»

ኩባያውን አየሁት። በወተት የፈላ ሻይ። የጾሙን ቀን ለሌላው የማስታውስ እኔ፣ በፍርሃት የዕለቱ ስም ጠፍቶኝ፣ ለማኅበሬ ሙሴ አራት ጊዜ ወተት ለመንኩ። እኔስ ጠዋት ምን ልጠጣ ኖሯል? እማማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እንኳን ደንብሽን አልጠበቅኩ! በሦስተኛው እሺ ብል አስገድፈሽኝ ነበር።»

ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆም ብለው ግን ሳቃቸውን ሰበሰቡ። «የእኔ ይሁን። ማኅበሩ ግን የሚለውን ይላል። አስቀይሞናል የሚሉ አሉ።»

ስለዚህ የኪዳነ ምሕረት ዕለት በተከፈተ በር ቆሜ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። አንዷ መጣች፤ ሁለቱ ተከተሉ፤ ቀጥሎ ቤቱ ሞላና ከጎረቤት ወንበር ተበደርኩ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። ስለ ጨዋታው ቃል የተናገረ የለም።

ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ ከመሰጠቱ በፊት ከጥግ ያለች አንዲት ማኅበርተኛ ተነሣች። «ሙሴያችን፣ ጥፋት አለ» አለች። «በሰው መሶብ እየተሳቀ ተነግዷል። ማኅበራችንንም ያስወራል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ማኅበሩን አልነካሁም። ጽዋም ጾምም የለበትም። መሶቡ ግን ጎድሏል፤ አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«ልጅቱ አጥፍታለች፤ ትቀጣለች» አሉ። «ለሚቀጥለው ወር ከተረኛዋ ዳቦ ሌላ፣ አንድ ድፎ ጋግራ ታምጣ።»

ያቺው ከጥግ የተነሣችው «ጥቁር አዝሙድ እንዳትረሺ» አለችኝ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። እንግዳ አይቀጣም፤ እንግዳ ይሸኛል። የሚቀጣ የማኅበሩ ልጅ ነው፤ ያውም ለሚቀጥለው ወር።

«ቅጣቱ በዛ የሚል አለ?» አሉ እማማ።

«ኧረ አንሷል!» አልኩ፣ እንደ ጨዋ ሰው።

«እንግዲያው ሁለት ይሁን» አሉ ወዲያው። ሁለት ጋገርኩ።