በፍልሰታ የታረደች ዶሮ

ማስቲሽ በሸተተኝ ቁጥር ሰው መበቀል ያምረኛል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ነቀምት የተገነጠለ ሶሌን ላስለጥፍ ቁጭ ብዬ፣ ጫማ ሰፊው ገና የማስቲሹን ቆርቆሮ ሲከፍት ደሜ ፈላ፤ ምስኪኑ ምንም አላደረገኝም፣ እንዲያውም "አባባ ይመችዎት" ብሎ ካርቶን አንጥፎልኝ ነበር። ስልሳን የተሻገርኩ፣ በየእሁዱ ስለ ይቅርታ የምሰብክ፣ ደረጃ ሳይ የምማረር ሽማግሌ ነኝ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ግን ሃያ ስምንት ዓመት ይሞላኛል፣ ክረምት ይሆናል፣ ልደታ እገኛለሁ፣ ጋሽ ዘውዴም ከፊቴ ተቀምጠው የዳማ ቆርኪዎቼን አንድ በአንድ ይበሉብኛል።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። የነቀምት ጉባኤያችን ሦስት ወጣቶችን መርጦ፣ አዲስ አበባ ልደታ ባለች አንዲት ትንሽ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ክረምቱን እንድናገለግል ላከን። ቀን ቀን ጣሪያቸው የሚያፈስባቸውን አቅመ ደካሞች ቤት እንጠግናለን፤ ከዚያ በተረፈ ጊዜ ከሰፈሩ ሰው ጋር እንድንግባባ፣ "መጀመሪያ ወዳጅ አብጁ፣ ስብከቱ ይደርሳል" ተብለን ተመክረናል። እኔ ምክሩን በመጀመሪያው ቀን ሥራ ላይ አዋልኩት። ከአጎቴ በተዋስኩት፣ ሁለት ሰው በሚይዝ ኮት ውስጥ ተሸፍኜ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ስሄድ፣ በላስቲክ በተከለለች የጫማ መስፊያ ሥር ሰዎች ዳማ ሲጫወቱ አየሁና በልቤ "ጌታ በር ከፈተልኝ" አልኩ። በነቀምት በዳማ የሚችለኝ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማወራው።

የመስፊያዋ ባለቤት ጋሽ ዘውዴ ነበሩ፤ ቀጭን፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ በየማለዳው ልደታ ማርያምን ሳይሳለሙ መርፌ የማያነሡ ሰው። ስተዋወቃቸው ለአገልግሎት መምጣቴን አልደበቅኩም። እሳቸውም ሳቅ ብለው ቆርኪ ደረደሩልኝ፣ ከዚያም ሻይ ሳይበርድ ጠርገው በሉኝ፤ መብላቱስ ባልከፋ፣ አፋቸው ነው እንጂ።

"አይዞህ ሰባኪው፣ ይቺኛዋ ወደ ሰማይ ቤት ሄደች" ይላሉ አንዷን ሲያነሡ። "ይቺን ደግሞ አጥምቀናታል። የቀረችህን ንስሐ አስገባና አምጣልኝ።"

ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። የዚያች መስፊያ ሕግ ደግሞ የባሰ ነበር፦ አንዲት እንኳ ሳያነግሥ የተሸነፈ ሰው፣ አንዲት ደንበኛ ሳትወስደው የቀረችውን ቀይ ባለታኮ የሴት ጫማ በአንድ እግሩ አጥልቆ እስከ ልደታ ማርያም በር ደርሶ ይመለሳል። ጫማው ጣቶቼን ብቻ ነው የቻለው። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ኮት፣ እንደ ተሰበረ ወንበር እያዘመምኩ ስሄድ የሰፈሩ ሴቶች ጎረቤት እየተጣሩ ያዩኝ ነበር። ወንጌል ልደታ የገባው፣ በእኔ በኩል፣ እያነከሰ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ያንን ጫማ ጋሽ ዘውዴ እግር ላይ ማየት። ጓደኞቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቆርኪ አንቀሳቅሳለሁ፤ ለጠላት ስለ መጸለይ ሲነበብ፣ እጸልይ ነበር፣ እንዲሸነፍ። በየቀኑ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ፣ እሸነፋለሁ፣ እሰደባለሁ። በዚህ መሀል ሳላውቀው መንደርተኛ ሆንኩ፤ አንድ ቀን ከቀረሁ "ያ ግብራችን የት ሄደ?" ብለው ሰው ይልኩብኝ ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ታይፎይድ ጣለኝ። በአምስተኛው ቀን ጋሽ ዘውዴ በምሳ ዕቃ የዶሮ መረቅ ይዘው ከምናድርበት ክፍል ገቡ። የባለቤታቸውን የእትዬ የሺን እንቁላል ጣይ ዶሮ አርደውልኝ ነው፤ በፍልሰታ፣ እነሱ ለራሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በማይቀምሱበት ጾም። ራስጌዬ ተቀምጠው "ጨርሰህ ጠጣ፤ ለበቀል አቅም ያስፈልጋል" አሉኝ። አንዴ ብጎነጭ ጨው ነው፣ ጨው ብቻ። ቀና ስል ፈገግ ብለዋል። ገባኝ አልኩ፤ ነገ በዳማው ላይ የሚያወሩትን ወሬ እየሠሩብኝ ነው። እልህ ይዞኝ እስከ ጠብታዋ ጠጣሁት፣ ዓይኔ እያለቀሰ።

እንደ ዳንኩ ቀጥታ ወደ መስፊያዋ ሄድኩ፤ ሰዓቱንም አስቤበታለሁ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ከማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ሰው ናቸው፤ መብላት የሚገባቸውን ቆርኪ ሳያዩት አለፉ፣ እኔ አየሁት። ሳያነግሡ ጨረስኳቸው።

"ተው እንግዲህ፣ ጾመኛ ናቸው፣ ዛሬ ይለፋቸው" አለ አንዱ ተመልካች።

"ሕግ ሕግ ነው!" አልኩ እኔ የፍቅር መልእክተኛው።

ጋሽ ዘውዴ አልተከራከሩም። ቀዩን ጫማ አጥልቀው፣ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ በሚወጣበት ሰዓት ወደ በሩ ሄዱ፤ እዚያው የሚሳለሙት በር ላይ አንሸራተታቸውና በግንባራቸው ጭቃ ላይ ወደቁ። ቆይ፣ ይኼ ሁሉ አልበቃኝም፤ ከኋላ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ፣ "ጋሽ ዘውዴ፣ ጨው በዛብዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"የምን ጨው?" አሉ ከመሬት ቀና ብለው።

ከቅዳሴ የወጡት እትዬ የሺ ባላቸውን ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ደነገጡ። "ውይ በሞትኩት! መረቁ ጨው በዝቶት ነበር? ጾም ነው እኮ ልጄ፣ መቅመስ አልችል፣ በግምት ነው የጨመርኩት። ምነው ሳትነግረኝ ጠጣኸው?"

 

በማግስቱ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ፣ "እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" አሉ፣ ወንበር ሰጡኝ፣ በአክብሮትም ሸኙኝ። እዚህ ላይ ነው ቂሜ። ከዚያ ወዲያ መስፊያዋ ስሄድ ከሌላው ጋር ይሳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ስቀርብ ግን ተነሥተው ቦታ ይለቁልኛል። "ግጥሚያ ይስጡኝ እንጂ፣ ያሸንፉኝ!" ብዬ ለመንኳቸው። "ኧረ አንተ ጎበዝ ነህ፣ እኔ አልችልህም" አሉኝ በጨዋ ደንብ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ክረምቱ እስኪያልቅ አንድም ስድብ አላገኘሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለስብሰባ አዲስ አበባ ስሄድ ልደታ ወረድኩ። ቆርቆሮ ጣሪያው፣ ጭቃው፣ መስፊያዋ ሁሉ ተነሥቶ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። በልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ ሴትዮ ጋሽ ዘውዴ ሰፈሩ ሳይፈርስ ማረፋቸውን፣ እትዬ የሺም ወደ ልጃቸው መሄዳቸውን ነገሩኝ። እዚያው ቆሜ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። ዛሬ በከተማዬ የተከበርኩ ሰው ነኝ፤ ስገባ ይነሡልኛል፣ ስሳሳት ዝም ይሉኛል፣ ደፍሮ የሚሳለቅብኝ ከራሴ በቀር ማንም የለም። በዚያ ክረምት በየቀኑ ሲያሸንፉኝ ወዳጃቸው ነበርኩ። አንዴ ብቻ በልተውኝ፣ ሰድበውኝ ቢሞቱ ምን ነበረበት? እኚያ ጨካኝ ሰው አሸናፊ አድርገውኝ ሄዱ።